የሞተር ሳይክል የፊት ፍሬን ማሻሻል፦ ባለንብረቶችና አሽከርካሪዎች ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

ሞተር ሳይክል በከተማ ዕቃና መልእክት በማድረስ፣ በገጠር ደግሞ መኪና በማይደርስበት መንገድ ሰውንና ንብረትን በማጓጓዝ ሰፊ አገልግሎት ይሰጣል። ለዚህ ሥራ ከሚውሉት ሞተር ሳይክሎች ብዙዎቹ ከፋብሪካ ሲወጡ በፊት ጎማቸው ላይ የሚገጠምላቸው ታምቡር ፍሬን ነው። ጭነት ሲበዛና መንገዱ ቁልቁለት ሲሆን ይህ ፍሬን እንደማይበቃ የተገነዘቡ ባለንብረቶች ወደ ዲስክ ፍሬን ለመለወጥ፣ ዲስክ ያላቸውም በተሻለ ለመተካት ይወስናሉ። ውሳኔው ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ አፈጻጸሙ ከተሳሳተ ግን ሞተር ሳይክሉን ከቀድሞው ለባሰ አደጋ ያጋልጣል። ይህ ጽሑፍ የፊት ፍሬን እንዴት እንደሚሠራ፣ ከለውጥ በፊት ምን መረጋገጥ እንዳለበት፣ የትኞቹ ክፍሎች አብረው መቀየር እንዳለባቸው እንዲሁም ከሥራው በኋላ ሊደረግ የሚገባውን ፍተሻ ያብራራል።

የፊት ፍሬን ድርሻ

በብዙ አሽከርካሪዎች ዘንድ የፊት ፍሬን ሞተር ሳይክልን ይገለብጣል የሚል እምነት አለ። በዚህም ምክንያት የኋላ ፍሬንን ብቻ እየተጠቀሙ የሚያሽከረክሩ ይገኛሉ። እምነቱ ፈጽሞ መሠረት የሌለው ባይሆንም ያልተሟላ ነው። ፍሬን ሲያዝ የሞተር ሳይክሉ፣ የአሽከርካሪውና የጭነቱ ክብደት ወደ ፊት ይሸጋገራል። የፊት ጎማ መንገዱን አጥብቆ ሲይዝ የኋላው ይቀልላል፤ በኃይል ከተያዘም መዞሩን አቁሞ ይንሸራተታል። ስለዚህ በደረቅ አስፋልት ላይ ከጠቅላላው የማቆም ኃይል 70 በመቶ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ የሚገኘው ከፊት ጎማ ነው።

ልዩነቱ በሜትር ሲሰላ ግልጽ ይሆናል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሞተር ሳይክል በአንድ ሰከንድ ውስጥ 17 ሜትር ያህል ይሄዳል። ሁለቱም ፍሬኖች በአግባቡ ተይዘው ፍጥነቱ በየሰከንዱ 7 ሜትር በሰከንድ ቢቀንስ፣ ፍሬኑ ከተያዘበት ቦታ 20 ሜትር ገደማ ላይ ይቆማል። በኋላ ፍሬን ብቻ ፍጥነቱ የሚቀንሰው በዚህ ግማሽ ቢሆን ደግሞ ለመቆም 40 ሜትር ገደማ ያስፈልገዋል። የመጀመሪያው ሞተር ሳይክል ጸጥ ብሎ በቆመበት ቦታ ሁለተኛው ገና በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ እየተጓዘ ያልፋል። በዚያ ቦታ ላይ መንገድ የሚያቋርጥ እግረኛ ቢኖር በሕይወት መትረፉ በዚህ ልዩነት ላይ ይወሰናል።

የፊት ፍሬን መገልበጥን ወይም መውደቅን የሚያስከትለው በድንገትና በሙሉ ኃይል ሲጨበጥ፣ መሪው ተጠምዝዞ ሳለ ሲያዝ፣ ወይም ጎማው በአሸዋ፣ በጠጠርና በጭቃ ላይ እያለ በኃይል ሲያዝ ነው። እጀታውን በዝግታ መጫን ጀምሮ ክብደቱ ወደ ፊት ሲሸጋገር ግፊቱን መጨመር ይህን አደጋ ይቀንሳል። ፍሬኑ በተሻሻለ መጠን ይህ ልማድ የበለጠ ያስፈልጋል።

ታምቡርና ዲስክ

በታምቡር ፍሬን ውስጥ ሁለት የፍሬን ሸራዎች በቸርኬው መሃል ባለ ክብ ብረት ውስጥ ይቀመጣሉ። አሽከርካሪው እጀታውን ሲጫን ገመዱ ከውጭ ያለውን ክንድ ይስባል፤ ክንዱም ሸራዎቹን ወደ ውጭ ገፍቶ ከታምቡሩ ጋር ያፋትጋቸዋል። አሠራሩ ቀላል፣ መለዋወጫውም ርካሽ ነው። ድክመቱ ሙቀቱ ውስጥ ታፍኖ መቅረቱ ነው። በተደጋጋሚ ፍሬን ሲያዝ ሸራው ይግላል፣ ታምቡሩም በሙቀት ይሰፋል፤ አሽከርካሪው እጀታውን ቢጨምቅም ኃይሉ እየደከመ ይሄዳል። ወንዝ ወይም ጎርፍ ሲሻገር የገባ ውኃም ቶሎ አይወጣም።

በዲስክ ፍሬን ከጎማው ጋር የሚዞረው ዲስክ በግልጽ አየር ላይ ስለሚገኝ ሙቀቱን ወዲያው ያስወጣል፤ ውኃና ጭቃም ከላዩ ቶሎ ይራገፋል። የእጅ ግፊት በማስተር ሲሊንደርና በፍሬን ዘይት አማካይነት ወደ ካሊፐር ይደርሳል፤ በካሊፐሩ ውስጥ ያለው ፒስተንም ሸራዎቹን ከሁለት ጎን በዲስኩ ላይ ያጣብቃል። ሸራው ሲያልቅ ፒስተኑ ራሱ ወደ ፊት ስለሚወጣ እንደ ታምቡሩ ገመድ በየጊዜው ማስተካከል አያስፈልገውም። በሌላ በኩል ዲስክ ፍሬን ንጹሕ ዘይት፣ ያልተበላ ጎማ ማኅተምና ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ ይሻል። እነዚህ በማይገኙበት አካባቢ በደንብ የተያዘ ታምቡር በግዴለሽነት ከተያዘ ዲስክ ይሻላል።

ከለውጥ በፊት፦ ያለውን ፍሬን ወደ ሙሉ አቅሙ መመለስ

ደካማ ነው ተብሎ ሊቀየር የታሰበ ፍሬን ብዙ ጊዜ ጥገና የጎደለው ፍሬን ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት የሚከተሉት ሊታዩ ይገባል።

ታምቡር ፍሬን ላለው ሞተር ሳይክል በመጀመሪያ የሚታየው ገመዱ ነው። የተፈታታ፣ የዛገ ወይም በሽፋኑ ውስጥ የሚጣበቅ ገመድ የእጅን ኃይል በመንገድ ላይ ያስቀራል። በብዙ ሞዴሎች የእጀታው ጫፍ ፍሬኑ መያዝ ከመጀመሩ በፊት ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ባዶ እንዲሄድ ተደርጎ ይስተካከላል፤ ትክክለኛው ልክ በሞተር ሳይክሉ መመሪያ መጽሐፍ ላይ ይገኛል። ሁለተኛው የክንዱ አቀማመጥ ነው። ፍሬኑ ሙሉ በሙሉ ሲያዝ ገመዱና ክንዱ የሚፈጥሩት ማዕዘን ከ90 ዲግሪ ካለፈ ገመዱ ክንዱን የሚስብበት ኃይል ይቀንሳል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ሸራው ማለቁን የሚያመለክት ሲሆን ክንዱን ነቅሎ በሌላ ጥርስ ላይ በመግጠም ማሳሳት አይገባም፤ ሸራው ራሱ መቀየር አለበት። ሦስተኛው የታምቡሩ የውስጥ ስፋት ነው። ከዚያ በላይ ሊሰፋ የማይገባው ልክ በታምቡሩ ላይ ተቀርጾ ይገኛል።

ዲስክ ላለው ሞተር ሳይክል የሸራው ውፍረት፣ የዲስኩ ውፍረትና ቀጥታነት፣ የዘይቱ ንጽሕና፣ እንዲሁም የካሊፐሩ መንሸራተቻ ዘንጎች ይታያሉ። ዘንጎቹ ዝገው ካሊፐሩ ካልተንቀሳቀሰ የሚሠራው አንደኛው ሸራ ብቻ ነው፤ በአንድ በኩል ያለቀ፣ በሌላ በኩል ግን ያልተበላ ሸራ የዚህ ምልክት ነው። የዲስኩ ዝቅተኛ ውፍረትም በራሱ በዲስኩ ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ከዚያ በታች የሳሳ ዲስክ ተሞርዶ ወደ ሥራ አይመለስም። እጀታው ሲጫን እንደ ስፖንጅ የሚለሰልስ ከሆነ በመስመሩ ውስጥ አየር አለ ማለት ነው።

የጎማው ሁኔታም ከፍሬኑ ጋር አብሮ ይታያል። ፍሬን ጎማውን ያቆማል፤ ሞተር ሳይክሉን የሚያቆመው ግን ጎማው ከመንገዱ ጋር ያለው መያያዝ ነው። ጥርሱ ያለቀ፣ የደረቀ ወይም ንፋሱ ያልተስተካከለ ጎማ ላይ ጠንካራ ፍሬን መግጠም ጎማው ቶሎ እንዲንሸራተት ከማድረግ ያለፈ ጥቅም የለውም።

የታምቡር ሸራ ሲጸዳ አቧራውን በአፍ ወይም በኮምፕሬሰር ንፋስ ማራገፍ አይገባም። አንዳንድ የፍሬን ሸራዎች አስቤስቶስ ሊኖራቸው ይችላል፤ የአስቤስቶስ ብናኝ ወደ ሳንባ ሲገባ ካንሰርን ጨምሮ ከባድ ሕመም ያስከትላል። አቧራው በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ ጨርቁ መወገድ አለበት።

ከታምቡር ወደ ዲስክ፦ ምን ከምን ጋር ይቀየራል

ጥገናው ተሟልቶ ፍሬኑ ለሚሰጠው አገልግሎት አሁንም ካልበቃ ለውጡ ይታሰባል። በዚህ ጊዜ መታወቅ ያለበት ዋና ነገር ዲስክ ፍሬን አንድ ዕቃ ሳይሆን እርስ በርሱ የተለካ ሙሉ ስብስብ መሆኑ ነው። ስብስቡ ዲስኩ የሚታሰርበትን ቸርኬ፣ ዲስኩን፣ ካሊፐሩንና ሸራዎቹን፣ ካሊፐሩ የሚታሰርበትን የፊት ሹካ፣ ቱቦውን፣ ማስተር ሲሊንደሩንና እጀታውን እንዲሁም የፍሬን መብራቱን ማብሪያ ያካትታል።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው የፊት ሹካው ነው። ለታምቡር የተሠራ ሹካ አብዛኛውን ጊዜ ካሊፐር የሚታሰርበት ጆሮ የለውም። ይህን ጉድለት ለመሙላት በሹካው እግር ላይ ብረት መበየድ ወይም በተራ ላሜራ መያዣ ሠርቶ ማሰር ፈጽሞ መደረግ የለበትም። ፍሬኑ በኃይል ሲያዝ ካሊፐሩን ወደ ፊት የሚጎትተው ኃይል ከፍተኛ ነው። ብየዳ የሹካውን ብረት በሙቀት ያዳክማል፤ መያዣው ከተሰበረ ካሊፐሩ ወደ ቸርኬው ገብቶ የፊት ጎማውን በጉዞ ላይ ሊያስረው ይችላል።

አስተማማኙ መንገድ ያው አምራች ለዚያው ሞዴል ያዘጋጀውን የዲስክ ስሪት ክፍሎች መጠቀም ነው። ብዙ አምራቾች አንድን ሞተር ሳይክል በታምቡርም በዲስክም ስለሚያወጡ የዲስኩ ስሪት ሹካ፣ ቸርኬና ማስተር ሲሊንደር በአብዛኛው በቀላሉ ይገጥማሉ። ያም ሆኖ የጎማው ዘንግ ውፍረትና ርዝመት፣ የኩሽኔታዎቹ ልክ፣ የሹካው እግሮች ስፋትና ርዝመት በመለኪያ ተረጋግጠው መገዛት አለባቸው። በብዙ ሞተር ሳይክሎች የፍጥነት መለኪያው የሚንቀሳቀሰው ከፊት ቸርኬ በመሆኑ አዲሱ ቸርኬ የመለኪያውን ማርሽ የሚቀበል መሆኑም ይታያል። ያገለገለ ክፍል ሲገዛ የተጣመመ ሹካ ወይም በግጭት የተሰነጠቀ ቸርኬ እንዳይሆን በባለሙያ ማስመርመር ያስፈልጋል።

ትልቅ ማስተር ሲሊንደር ሁልጊዜ ብርቱ ፍሬን አይደለም

በመለዋወጫ ገበያ ተደጋግሞ የሚፈጸም ስህተት ከትልቅ ሞተር ሳይክል የተነቀለ ማስተር ሲሊንደር ገጥሞ ብርቱ ፍሬን መጠበቅ ነው። የዘይት ኃይል የሚበዛው በካሊፐሩ ፒስተንና በማስተር ሲሊንደሩ ፒስተን ስፋት መካከል ባለው ንጽጽር ነው። ለምሳሌ የካሊፐሩ ፒስተን ዲያሜትር 32 ሚሊ ሜትር፣ የማስተር ሲሊንደሩ 12.7 ሚሊ ሜትር ቢሆን በዘይቱ ላይ ያረፈው ኃይል ካሊፐሩ ዘንድ ከ6 እጥፍ በላይ ሆኖ ይደርሳል። ማስተር ሲሊንደሩ ወደ 16 ሚሊ ሜትር ቢያድግ ግን ብዜቱ ወደ 4 እጥፍ ይወርዳል። እጀታው ጠንካራና አጭር ሆኖ ስለሚሰማ አሽከርካሪው ፍሬኑ የተሻሻለ ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን ለማቆም ቀድሞ ከነበረው በላይ መጨበጥ ይኖርበታል።

በተቃራኒው እጅግ ጠባብ ማስተር ሲሊንደር በቂ ዘይት ስለማይገፋ እጀታው ፍሬኑ ሳይይዝ መሪውን ሊነካ ይችላል። ስለዚህ ማስተር ሲሊንደርና ካሊፐር ከአንድ ሞዴል የተገኙ ወይም አምራቹ እርስ በርስ ይስማማሉ ያላቸው መሆን አለባቸው። በዲስክ ፍሬን ላይ ያለጠፈ ማሻሻያ ለሚፈልግ ባለንብረት ደግሞ ጥራት ያለው ሸራና አዲስ ዘይት ቀዳሚዎቹ ናቸው። ያረጀ የጎማ ቱቦ በግፊት ስለሚነፋ በአዲስ መተካቱ ወይም በብረት ክር በተሸፈነ ቱቦ መቀየሩም የእጀታውን ምላሽ ያሻሽላል። ማንኛውም ቱቦ መሪው እስከ መጨረሻው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲዞር፣ ሹካውም ሲረግጥ እንዳይወጠርና እንዳይታሸ ተደርጎ መታሰር አለበት።

ሁለቱ ፍሬኖች በአንድ ላይ የሚሠሩበት ወይም ጎማ እንዳይታሰር የሚከላከል ኤቢኤስ የተገጠመላቸው ሞተር ሳይክሎች የተለየ ጥንቃቄ ይሻሉ። በሕንድ ከሚያዝያ ወር 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአገር ውስጥ ገበያ የሚወጡ ከ125 ሲሲ በላይ አዳዲስ ሞተር ሳይክሎች ኤቢኤስ፣ እስከ 125 ሲሲ ያሉት ደግሞ ቢያንስ ሁለቱን ፍሬኖች አጣምሮ የሚያሠራ ሥርዓት እንዲኖራቸው ግዴታ ሆኗል። እንዲህ ባሉ ሞተር ሳይክሎች ላይ የፊቱን ፍሬን ብቻ መቀየር በሁለቱ መካከል ያለውን ሚዛን ያዛባል፤ የኤቢኤስን የፍጥነት ጠቋሚ ቀለበት የማይቀበል ቸርኬ መግጠምም ሥርዓቱን ከአገልግሎት ውጭ ያደርጋል።

የፍሬን ዘይትና የቁልቁለት መንገድ

ለዲስክ ፍሬን የሚውለው ዘይት በማስተር ሲሊንደሩ ክዳን ላይ የተጻፈው ዓይነት መሆን አለበት። ዶት 3፣ ዶት 4 እና ዶት 5.1 ተብለው የሚታወቁት ዘይቶች ከአየር እርጥበት ይመጥጣሉ። አዲስ ዶት 4 ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ከያዘ በኋላ ግን የሚጠበቅበት ዝቅተኛ ልክ 155 ዲግሪ ነው። የፈላ ዘይት በመስመሩ ውስጥ እንፋሎት ስለሚፈጥር እጀታው በድንገት ባዶ ይሆናል። በዚህ ምክንያት ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ መቀየር የተለመደ ነው። ዶት 5 ከሌሎቹ የተለየ የሲሊኮን ዘይት በመሆኑ ከእነርሱ ጋር አይቀላቀልም። የሞተር ዘይት ወይም ሌላ ማዕድናዊ ዘይት በፍሬን መስመር ውስጥ መጨመር የጎማ ማኅተሞችን አሳብጦ ፍሬኑን ያበላሻል።

የዚህ ጥንቃቄ ጥቅም በኢትዮጵያ ረጃጅም ቁልቁለቶች ላይ ይታያል። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደው መንገድ ከ1000 ሜትር በላይ ከፍታ ይቀንሳል። አንድ ሞተር ሳይክል 1000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ኃይል ከ60 ኪሎ ሜትር በሰዓት ፍጥነት 70 ጊዜ ያህል ከመቆም ጋር ይመጣጠናል። ከዚህ ኃይል የተወሰነውን አየሩና ሞተሩ ይሸከማሉ፤ አሽከርካሪው በዜሮ ማርሽ ከወረደ ግን ሞተሩ ድርሻውን ስለማይወጣ ሸክሙ በሙሉ ማለት ይቻላል በፍሬኖቹ ላይ ይወድቃል። የተሻሻለ ፍሬንም ቢሆን በከባድ ማርሽ መውረድን፣ ፍሬንን በጊዜ ልዩነት መያዝንና በመካከሉ አርፎ ማቀዝቀዝን አይተካም።

ከሥራው በኋላ የሚደረግ ፍተሻ

ብሎኖቹ አምራቹ በወሰነው ልክ፣ የማጥበቂያ ኃይልን በሚለካ ቁልፍ መጥበቅ አለባቸው። በዲስኩና በሸራው ላይ ግራሶ፣ ዘይት ወይም የእጅ ቅባት እንዳያርፍ ይጠበቃል፤ ዘይት የጠጣ ሸራ በብርጭቆ ወረቀት ቢፈገፈግም ስለማይድን መጣል አለበት። አየሩ ሙሉ በሙሉ ከመስመሩ ከወጣ በኋላ እጀታው ለግማሽ ደቂቃ ያህል ተጨብጦ ቢያዝ ቀስ በቀስ መስጠም የለበትም፤ ከሰጠመ ዘይት የሚያመልጥበት ቦታ አለ ማለት ነው። ጎማው ከመሬት ተነሥቶ ሲሽከረከር በነፃነት መዞሩና የፍሬን መብራቱ በፊት እጀታውም መብራቱ ይረጋገጣል።

የመጀመሪያው ሙከራ ትራፊክ በሌለበት ደረቅና ሜዳ ቦታ፣ በዝቅተኛ ፍጥነት ይደረጋል። አዲስ ሸራና ዲስክ እስኪላመዱ ድረስ ሙሉ ኃይላቸውን ስለማይሰጡ፣ ከመካከለኛ ፍጥነት በተደጋጋሚ በልኩ እያዙ ማላመድ ያስፈልጋል። በመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ሰው ጭኖ ወይም ከባድ ጭነት ይዞ ቁልቁለት መውረድ አይመከርም። ከሳምንት አገልግሎት በኋላ ብሎኖቹና የዘይቱ መጠን እንደገና ይታያሉ።

የቴክኒክ ምርመራና መረጃ አያያዝ

በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 681 የተሽከርካሪ መለያን፣ ምርመራንና ምዝገባን የሚመለከት ሲሆን ፍሬን በቴክኒክ ምርመራ ከሚታዩት ዋና ዋና ክፍሎች አንዱ ነው። ባለንብረቱ የፍሬኑን ዓይነት የሚለውጥ ሥራ ከማስጀመሩ በፊት ሞተር ሳይክሉ ወደተመዘገበበት መሥሪያ ቤት ቀርቦ ለውጡን ማስረዳትና ሊያሟላ የሚገባውን መጠየቅ ይጠበቅበታል። ሥራው ሲጠናቀቅ የክፍሎቹን የግዢ ደረሰኝ፣ ጋራዡ የሰጠውን የሥራ ዝርዝርና የተነቀሉትን ክፍሎች ሞዴል ከተሽከርካሪው ሊብሬ ጋር በአንድ ላይ መያዝ ለምርመራም ሆነ ወደፊት ለሚደረግ ጥገና ይጠቅማል። የዓመታዊ ምርመራ ጊዜው ገና ቢሆንም ለውጥ የተደረገበትን ፍሬን ወደ አገልግሎት ከመመለሱ በፊት ማስመርመር ይመከራል።

ባለንብረቶች ሞተር ሳይክላቸውን ለሌላ አሽከርካሪ ሲያስረክቡም ፍሬኑ መቀየሩን ሊነግሩት ይገባል። ለዓመታት ደካማ ታምቡርን በሙሉ ኃይሉ ሲጨብጥ የኖረ እጅ በዲስክ ፍሬን ላይ ያንኑ ቢደግም ጎማውን ያስራል። አዲሱን ፍሬን በባዶ ቦታ ለጥቂት ደቂቃዎች እንዲለማመድ ዕድል መስጠት አሽከርካሪውን፣ ከኋላው የሚሳፈረውንና በመንገዱ ላይ የሚገኘውን እግረኛ ከአደጋ ይጠብቃል።